የእኔ ፍርድ በክርስትና እናቴ ላይ

ክርስትና እናቴን ለምኜ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት የወሰድኳቸው እኔው ነኝ። ጉና ሥር ያለውን የአባታቸውን መሬት ወንድማቸው ብቻውን ይዞት፣ እሳቸው «ታላቄን አልከስም» እያሉ ስንት ዓመት ዝም ብለው ኖረዋል። ችሎት ገባን፤ የወንድማቸው ጠበቃ ተነሣ። «ውርሱን ሳይጠይቅ ጊዜ ያሳለፈ ሰው መብቱ በይርጋ ይቀራል፤ ሰበር ሰሚ ችሎት ወስኖበታል» አለና የተከራካሪዋን ስም አነበበ። ክው አልኩ። ስሙ የእኔ ነው! የአጎቴ ልጅ የአያታችንን ወፍጮ ቤት ልካፈል ብሎ ዘግይቶ ሲከሰኝ፣ እስከ አዲስ አበባ ሄጄ የረታሁት ጉዳይ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ያ ጉዳይ እኮ የወፍጮ ነው፤ የእሳቸው የእርሻ መሬት!» አልኩ፣ ሳላስበው ብድግ ብዬ።

«ወፍጮም ሆነ መሬት፣ ሰበር የሰጠው ትርጉም እኛን ያስገድደናል። ይቀመጡ» አሉኝ ዳኛው። ክሱ እዚያው ውድቅ ሆነ።

ስንወጣ ክርስትና እናቴ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ያቺ ጠበቃው የጠራት ሴት ሞክሼሽ ናት?»

«አይ እማማ፣ እኔው ነኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከክንዴ ላይ ቀስ አድርገው አነሡ።