በብርድ የማይተኛ ባትሪ

ደብረ ብርሃን፣ ብርዳም ጠዋት፤ ባሏ ከሞተ ገና መንፈቅ ያልሞላት ትርንጎ በገመድ ተጎትታ ከመጣችው መኪናዋ አጠገብ ቆማ ከባትሪ ነጋዴው ከጋሽ ዘርጋው ጋር ትከራከራለች።

ጋሽ ዘርጋው፦ አይሆንም አልኩሽ! ይኼ የጭነት መኪና ባትሪ ነው፤ ቦታው ላይም አይገባ።

ትርንጎ፦ ትልቅ ቶሎ አይሞትም ብዬ ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ባትሪ በግዝፈት አይመረጥም። ልኩ፣ ጉልበቱ፣ የተሠራበት ቀን ነው የሚታየው። መደርደሪያ ላይ የከረመ አዲስ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልቋል። ላንቺ ግን ርካሹ ይበቃሻል። ቆማ ለምትውል መኪና ደህና ባትሪ መግዛት ለሬሳ ጫማ... አፌን በቆረጠው!

ትርንጎ፦ ግድ የለም። ሰው ሁሉ እንዲህ አንድ ቃል ያመልጠውና ይደነግጣል። እኔ አልደነግጥም።

ጋሽ ዘርጋው፦ የባልሽ የተክለወልድ ወንድም ልትሸጫት ነው ብሎኝ እኮ ነው።

ትርንጎ፦ እሱ በአፉ ይሽጣት። እኔ አልሸጥኳትም።

ጋሽ ዘርጋው፦ ታዲያ ማን ሊነዳት?

ትርንጎ፦ እኔ። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንቺ? መቼ ተማርሽና?

ትርንጎ፦ ባርባው ማግስት ማሠልጠኛ ገባሁ። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ቤት አጣኝ። «ለባሏ እንኳ አላለቀሰችም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ መንዳቱ ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?

ትርንጎ፦ ተክለወልድ የሞተ ዕለት ጠዋት ደረቱን ሲወጋው ቁልፉን ያዞረው ራሱ ነው። ጠቅ ትላለች፣ ዝም። ጠቅ፣ ዝም። ጎረቤት ተጠርቶ እስኪገፋን መሪው ላይ ተደፋ። አሁን የጎረቤቴ የእማማ እልፍነሽ ልጅ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። በሰፈራችን ከዚህች ሌላ መኪና የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይበሉኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አልልሽም። ጅቡ መቼ አንድ ብቻ ሆነና!... በይ ይኼን ውሰጂ። በቅርብ የተሠራ ነው፤ ብርድ አይበግረውም፣ ውሃ ጨምሩልኝም አይል። ዲናሞዋንም አየዋለሁ፤ እሱ ካልሞላው የትኛውም ባትሪ አይበረክት።

ትርንጎ፦ በደንብ ይሰሩልኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አጥብቄ ነው የማስረው፤ ኮረኮንቹ ካንገጫገጨው ቶሎ ያልቃል። ለሌባውም ብረት አድርጌ ቆልፌበታለሁ። ነቅንቂው እስቲ።

ትርንጎ፦ አይነቃነቅም።

ጋሽ ዘርጋው፦ በይ ግቢና አስነሺያት።

ትርንጎ፦ እርስዎ ይግቡ። የተማርኩት በሰው መኪና ነው። የዚህችን ቁልፍ ስይዝ እጄ እምቢ ይለኛል።

ጋሽ ዘርጋው፦ እሺ... ሰማሽ? ገና ስነካው ተነሳች! ትርንጎ? ኧረ ልጄ... አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። ዛሬ እኔ እቤትሽ አደርስልሻለሁ።

ትርንጎ፦ አይ፣ ጋሼ። ያጥፏትና ይውረዱ። እኔ ላስነሳት።