«ቀዥቃዣ»

ወልቂጤ፣ የጎልማሶች ትምህርት ምረቃ ከሚካሄድበት አዳራሽ ጓሮ፤ ተመራቂዋ ወይዘሮ አስካለ ከፕሮግራሙ መሐል ወጥተው፣ የባንክ ሠራተኛዋ ልጃቸው ትርሲት ተከትላቸዋለች።

ትርሲት፦ እማዬ፣ ኧረ ተመለሺ! ስምሽ ገና አልተጠራም እኮ።

አስካለ፦ አልመለስም። ቀዥቃዣ ሰው ከአዳራሽ ምን አለው?

ትርሲት፦ ሰማሽኝ እንዴ?

አስካለ፦ ጆሮዬ ደህና ነው።

ትርሲት፦ በክፋት አይደለም። ሰው ደስ ብሎት ሲጣደፍ የሚባል ነገር ነው።

አስካለ፦ ለእኔ ልታስረጂኝ ነው? አንቺን ስንቴ ብዬሻለሁ! የዓመት በዓል ጫማሽን ቀኙን በግራ አጥልቀሽ ስትሮጪ። ለልጅ ሲሉት ቁልምጫ ነው። ለእናት ሲሉት ግን ሌላ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ ሌላ አስካለ ስትጠራ አንቺ መድረክ ላይ ወጣሽ!

አስካለ፦ የአባት ስም እስኪሉ መች ጠበቅሁ? ስሜ በማይክ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ዘለለ፣ እግሬ ተከተለው።

ትርሲት፦ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አስካለ፦ እኔም ሳቅሁ፤ አላፈርኩም። እዚያው ቆሜ ዞር ብዬ አንቺን ፈለግሁ። አቀርቅረሻል።

ትርሲት፦ ቁልፌ ወድቆብኝ...

አስካለ፦ ተይ እንጂ። ወደ ወንበሬ ስመለስ አጠገብሽ ያለችው ሴትዮ «የማን እናት ናቸው?» ስትልሽ ደረስኩ። «ቀዥቃዣ ናቸው» አልሽ። ከዚያስ?

ትርሲት፦ እማዬ፣ በቃ።

አስካለ፦ ከዚያ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ «አላውቃቸውም።»

አስካለ፦ እህ።

ትርሲት፦ ሴትዮዋ አለቃዬ ናት። ድንገት ስትጠይቀኝ ተርበተበትኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

አስካለ፦ የምትልኪልኝን መልእክት ጎረቤት እያነበበልኝ፣ ምስጢርሽ ሁሉ መንደር ወጣ። ራሴ ላንብበው ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ ደብተር የያዝኩት።

ትርሲት፦ ይህን አልነገርሽኝም።

አስካለ፦ አልጠየቅሽኝማ።

ትርሲት፦ እማዬ፣ ባንቺ አይደለም ያፈርኩት... አይ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ባንቺ ነው ያፈርኩት። አሁን በራሴ አፈርኩ። ይቅር በዪኝ።

አስካለ፦ ተነሺ፣ እግሬን ልቀቂ። ሰው ያያል።

ትርሲት፦ ይየኝ! ስሚ፣ «አስካለ ሽፈራው» እያሉ ነው! ነይ፣ እጄን ያዢ፤ አለቃዬ እያየች አብረን መድረክ ላይ እንውጣ።

አስካለ፦ አይ ልጄ፣ ብቻዬን ልግባ። አሁን መድረኩ ላይ ስቆም አንቺን ፍለጋ ዞር አልልም።