የብሎክ አራት የመውጫ ደብዳቤ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከልደታ ማርያም ወደ ኮንዶሚኒየማችን ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠለልኩ። እዚያም ጎረቤቴን ጋሽ አምሳሉን አገኘኋቸው። ጋሽ አምሳሉ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ደብዳቤ በመጻፍ የሚታወቁ፣ የብሎክ አራት ነዋሪዎች ተወካይ ናቸው። ያን ዕለት ገና ከማባዣው የወጣ ወረቀት ይዘው ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቶ ነበር።

ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ። ብሎክ አራት ከስድስቱ ብሎኮች የጋራ ማኅበር በሠላሳ ቀን ውስጥ እንደሚወጣ የሚያስታውቅ፣ የብሎኩ ነዋሪዎች የፈረሙበት ደብዳቤ ነው። ብሶታቸውን አውቀዋለሁ። ውሃ ሲመጣ መጨረሻ የሚደርሳቸው እነርሱ ናቸው፤ በስብሰባ ሲናገሩም ሰሚ የላቸውም። ስለዚህ መቆጣታቸው አልገረመኝም።

«እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ወጥተው የለም እንዴ፣ መምህር?» አሉኝ። «አገር ከወጣ ብሎክ ምን ይከብደዋል?»

የተማሪዎቿን ፈተና ለማባዛት ተራ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ይህን ስትሰማ ወንበሯን ለጋሽ አምሳሉ ለቀቀችላቸው። ኑኃሚን ትባላለች፤ የብሎክ ሁለት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች። ይቅርታ ጠይቃ አንድ ነገር ለመናገር ፈቃድ ለመነች። እርሳቸውም፣ የዛሬ ልጆች እንግሊዝን በስልክ እንደሚያውቋት፣ እርሳቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሬዲዮ ሲከታተሏት እንደኖሩ አስታውሰው ፈቀዱላት።

«መውጣቱንስ ወጥተዋል፣ ጋሼ። አወጣጣቸውን ግን አልመኝልዎትም» አለች።

ጋሽ አምሳሉ ተገረሙ። ያን ያህል ዘመን ከዓለም ጋር ሲደራደር የኖረን ሕዝብ ማን አታለለው ብለው ጠየቁ።

«ማንም አላታለላቸውም። ሕዝቡ የተጠየቀው እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚለውን ብቻ ነው። ከመቶ ሃምሳ ሁለት ያህሉ እንውጣ አለ። ከወጣን በኋላ እንዴት እንኑር የሚለውን ግን የጠየቀው የለም። አንዱ ገበያው እንዳለ ሆኖ ሕጉ ብቻ ይቅርልን ይላል፤ ሌላው ሁሉም ይቆረጥ ይላል። እነዚህ ሳይስማሙ ነው የመውጫ ደብዳቤው የገባው።»

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር አስረዳችን። በኅብረቱ ሕግ ደብዳቤ ያስገባ አገር ሁለት ዓመት ይቆጠርበታል፤ ካልተራዘመለት ተስማማም አልተስማማም ይወጣል። እንግሊዞች ግን ደብዳቤውን ካስገቡ ከዓመት በላይ ቆይተው ነው ሚኒስትሮቻቸው የሚፈልጉትን በወረቀት ለማስፈር የተቀመጡት፤ በቀናት ውስጥም ሁለት ትልልቅ ሚኒስትሮች ሥራ ለቀቁ። በስንት ድካም የተገኘውን ስምምነት የራሳቸው ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ጣለው፤ መውጫው ቀንም ሦስት ጊዜ ተራዘመ። የቀሩት ሃያ ሰባት አገሮች በበኩላቸው አንድ ተደራዳሪ መርጠው፣ ቃላቸውን አንድ አድርገው ጠበቁ። ሰዓቱ የሚሮጠው በሚወጣው ላይ ነውና።

እኔ በታሪክ መምህርነቴ ይህን ሁሉ ሰምቼው ነበር፤ እንዲህ አጥርቼ ግን አላየሁትም ነበር። ጋሽ አምሳሉ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ሃያ ሰባቱም እኮ ለእንግሊዝ ይሸጣሉ፣ ከእንግሊዝም ይገዛሉ፤ ስለምን አልለዘቡላትም ሲሉ ሞገቱ።

«ይፈልጓታል፤ ግን የወጣ ሰው ጥቅሙን ሁሉ ይዞ ግዴታውን ጥሎ ከሄደ፣ የቀረው ለምን ይቀመጣል? የማኅበሩ ሊቀ መንበር እርስዎ ቢሆኑ ይፈቅዱ ነበር?»

ጋሽ አምሳሉ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እንደማይፈቅዱ አልሸሸጉም።

«እንግዲያስ ልጠይቅዎት፣ ጋሼ። ብሎክ አራት ከወጣ በኋላ የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«የራሱን የውሃ ፓምፕ ነዋ። ሁሉም የፈረመው ለዚህ ነው።»

ይህን ጊዜ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ሰሚራ ከማሽኑ ቀና አለች። እርሷም የብሎክ አራት ነዋሪ ናት። በትሕትና፣ እርሷ የፈረመችው የልብስ ማስጫው ቦታ ለመኪና ማቆሚያ በመሰጠቱ ተናዳ እንደሆነና ፓምፑ የጋራ ሆኖ ቢቀር እንደምትመርጥ ነገረቻቸው። ጋሽ አምሳሉ ደንገጥ ብለው ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖረው የታክሲ ሹፌር ለገረሱ ደወሉ። ገረሱ የፈረመው ያው ማስጫ ታጥሮ ለመኪናው እንዲሆንለት ነው። ለወይዘሮ ወለተሰንበት ቢደውሉ፣ እርሳቸው ደግሞ የፈረሙት ደብዳቤውን ይዘው የመጡት ጋሽ አምሳሉ ስለሆኑ ብቻ ነው፤ የትም የመውጣት ሐሳብ የላቸውም።

ጋሽ አምሳሉ ስልኩን ዘግተው ወረቀቱን እንደገና አዩት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እኛም አብረን ሳቅን።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ጠምጥሜ ቅዳሴ ልገባ ነበር» አሉና ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኑኃሚን አትውጡ እንዳላለች ልብ ይሏል። ያለችው፣ ከሌላው ጋር ከመደራደራችሁ በፊት ከራሳችሁ ጋር ተስማሙ፣ ቀኑንም የምትፈልጉትን ሳታውቁ አትቁረጡ ነው። የብሎክ አራት ሰዎች ሦስት እሑድ ተሰብስበው ተከራከሩ። ማስጫው ገሚሱ ለልብስ፣ ገሚሱ ለመኪና እንዲሆን ሰሚራና ገረሱ ራሳቸው ተስማሙ። ውሃውን በሚመለከት፣ የሥርጭቱ ተራ በየሳምንቱ ከሌላ ብሎክ እንዲጀምር አንድ ጥያቄ አዘጋጁ፤ እንቢ ከተባሉ ብቻ በአንድ ዓመት ዝግጅት ሊወጡ ወሰኑ። ማኅበሩም በአንድ ድምፅ የመጣን አቤቱታ ችላ ማለት አልቻለም፤ ጥያቄውን ተቀበለ፤ ጋሽ አምሳሉንም የኮሚቴው አባል አደረጋቸው።

ጥቅሙን ዛሬ ሁላችንም እናየዋለን። ውሃ በተራው ይደርሳል፤ ስብሰባውም ጩኸቱ ቀንሶ ቁም ነገሩ በዝቷል።

መስከረም ላይ ተራው ከብሎክ አራት የጀመረ ዕለት፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ውሃ በጠዋት ይመጣል ብለው ስላላሰቡ ቧንቧቸውን ሳይዘጉ ገበያ ሄደው ኖሮ፣ ደረጃው ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ጎረፈ። ስደርስ ጋሽ አምሳሉ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከገረሱ ጋር ውሃውን በመጥረጊያ ይገፋሉ። በመቆየታችሁ ደስ ብሎዎታል ወይ አልኳቸው።

«መቆየቱ ብቻ አይደለም፣ መምህር» አሉኝ ቀና ብለው። «ብንወጣ እንኳ አሁን ወዴት እንደምንሄድ እናውቃለን። በል አሁን መጥረጊያ ያዝ።»