ከመስኮቱ በታች የቆመችው

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፤ ጡረታ የወጣው የባቡር ጣቢያ ሹም ጌጤነህ የልጁን የምንትዋብን እጅ የሚጠይቁ ሽማግሎች ነገ ሳይመጡበት፣ በሰፊ ጠረጴዛ ላይ የጀመረውን የትውልድ ጣቢያውን የኤረርን ትንሽ አምሳያ ሊጨርስ ሲጣደፍ፣ ታላቅ እኅቱ ዘርፌ ያዘዛትን አሸዋና አንድ ቅርጫት መንደሪን ይዛ ከኤረር ደርሳለች።)

ጌጤነህ፦ እትዬ፣ ቅርጫቱን ደጅ ተይው ብዬ ለመንኩሽ እኮ!

ዘርፌ፦ ፀሐይ ላይ? መንደሪን ነው እንጂ ቋንጣ መሰለህ፣ የሚሰጣ?

ጌጤነህ፦ እንግዲያስ ከደጃፉ ጥግ ይሁን። ብቻ ነገ ሰዎቹ ሲገቡ ዐይናቸው እንዳያርፍበት።

ዘርፌ፦ ሽማግሎቹ የሚመጡት ምንትዋብን ሊጠይቁ ነው ወይስ ቅርጫቴን ሊፈትሹ? ይኸው፣ ከጥጉ አስቀመጥኩት። ደስ ይበልህ።

ጌጤነህ፦ አሸዋውን አመጣሽልኝ?

ዘርፌ፦ ከመሳፈሪያው ሥር፣ ከራሱ ከጣቢያው የዘገንኩት ነው። ዘበኛው፣ «እማማ፣ የኤረር አፈር ደግሞ ለምን በሽታ መድኀኒት ሆነ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጌጤነህ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ያለው አሸዋ ይነጣል፤ የኤረር ግን ቀላ ይላል። ቀለም ብቀባም እሱን አልመስል ብሎኝ ነበር።

ዘርፌ፦ እስቲ ልየው። ኧረ ጉድ! ግራሩ ከምንድን ነው?

ጌጤነህ፦ ከቃጫ። አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክሬ አድርቄው ነው። ሣሩ ሰጋቱራ፣ ተራራው ወረቀትና ጄሶ። የውሃ ታንከሩ የቲማቲም ቆርቆሮ ነው።

ዘርፌ፦ እጅህ ይባረክ። ይኸ ባለ ቀይ ቆቡ ሹሙ መሆን አለበት። ይኸ ደግሞ... አይ አንተ! ያ አንካሳው ውሻ!

ጌጤነህ፦ ዐወቅሽው? አንድ እግሩን አሳጥሬዋለሁ።

ዘርፌ፦ እንዴት አላውቀው፣ ስንት ቀን ቁርሴን ነጥቆኛል። የባቡሩ ተሳፋሪዎችስ ምን ሆነው ነው እጃቸውን በመስኮት ያወጡት?

ጌጤነህ፦ ነፋስ እየተቀበሉ ነው።

ዘርፌ፦ አንገታቸውን ወደ ታች ሰብረው? ነፋስ ከመሬት መብቀል ጀመረ?

ጌጤነህ፦ ተሳፋሪ ነው እንግዲህ፤ እንደ ወደደ ይሁን።

ዘርፌ፦ ጌጤ፣ ከመስኮቱ በታች ማን ነበር የሚቆመው?

ጌጤነህ፦ ጣቢያ ሥርዐት አለው። በመሳፈሪያው ላይ ሸቀጥ መሸጥ ክልክል ነበር።

ዘርፌ፦ ውሻስ በፈቃድ ነበር የሚተኛው?

ጌጤነህ፦ እትዬ፣ አታስጨንቂኝ።

ዘርፌ፦ ኤረር ቆሞ መንደሪን ሳይቀበል የሄደ ባቡር አይተህ ታውቃለህ? እናታችን ጫፉ የተሰነጠቀ ሸንበቆዋን ወደ መስኮቱ ሽቅብ ስትሰድድ፣ ከጫፉ ፍሬ ለመልቀም እጁን የማይዘረጋ ማን ነበር? እጆቹን ሠራህ፤ የተዘረጉላትን ሴት ተውክ።

ጌጤነህ፦ የሙሽራው አባት ትልቅ ሰው ናቸው። ባለፈው፣ «ከምን ዐይነት ቤተሰብ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። «የጣቢያ ቤተሰብ ነን» አልኳቸው። አባቴ የጣቢያ ሹም ነበር ብለው የገመቱት እሳቸው ናቸው። እኔ አልዋሸሁም።

ዘርፌ፦ በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። እሷም አልዋሸችም።

ጌጤነህ፦ ለምንትዋብ ብዬ ነው።

ዘርፌ፦ ምንትዋብማ ኤረር በመጣች ቁጥር አረፍ የምትለው አያቷ መቃብር ላይ ነው። ኀፍረቱ የአንተ ነው፤ በልጅ ነጠላ አትሸፍነው።

ጌጤነህ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ዘርፌ፦ ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል፤ ቀለለህ ማለት ነው። በል፣ አሸዋዬን መልስልኝ።

ጌጤነህ፦ ምን አልሽ?

ዘርፌ፦ መልስ! ባቡር በተነሣ ቁጥር ከመስኮት መስኮት የሮጠችበት አሸዋ ነው። አሸዋው ይግባ፣ የረገጠችው ትቅር የምትል ከሆነ፣ ከፈለግህበት ሂድና ዝገን።

ጌጤነህ፦ እትዬ፣ ተይ... ውሻውን! ውሻውን አትንኪው!

ዘርፌ፦ ለእሷ ቦታ እንዳለ ልይ ብዬ... ጌጤ፣ ከሥሩ ይኸ ምንድን ነው? ሙጫ በሙጫ ላይ ደርቆ እከክ ሠርቷል።

ጌጤነህ፦ ምንም አይደል።

ዘርፌ፦ ለአንድ ውሻ ይኸ ሁሉ ሙጫ?

ጌጤነህ፦ ውሻውን ያስተኛሁት እሱን እንዲሸፍንልኝ ነው።

ዘርፌ፦ ምን ነበረበት?

ጌጤነህ፦ ያቺን የክብሪት ቀፎ ክፈቻት።

ዘርፌ፦ ይቺን? የአምላክ ያለህ... እማዬ! መቀነቷ! ሸንበቆዋ!

ጌጤነህ፦ ሸንበቆው ሰበዝ ነው። መንደሪኖቹ ቀለም የተቀባ ሰናፍጭ ናቸው። ሐዲዱን ሳልዘረጋ፣ ተራራውን ሳልቆልል የሠራሁት እሷን ነው። ተከልኳት፤ በር ሲንኳኳ ነቀልኳት። ሰው ሲሄድ ደግሞ ተከልኳት፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ነቀልኳት። በመጨረሻ እግሯ ሙጫው ላይ ቀረ።

ዘርፌ፦ ሰበርካት?

ጌጤነህ፦ ጠግኛታለሁ።

ዘርፌ፦ ጥገናውንማ አየሁት። የውሻውን እግር ይመስል ብለህ አሳጠርክ፤ የእናትህን አፍረህ ሰበርክ።

ጌጤነህ፦ ይኸን ለራሴ ያላልኩት መስሎሽ ነው? በቃ፣ ትግባ። እዚህ፣ ከግራሩ ኋላ። ጥላ ነው፤ አይደክማትም።

ዘርፌ፦ ባቡር ጮኾ እናትህ ጥላ ሥር ተቀምጣ ታውቃለች? ከዛፍ ኋላስ ማን ያያታል?

ጌጤነህ፦ ያየ ይጠይቃል፤ ያላየ ያልፋል።

ዘርፌ፦ እንዲህ ከሆነ ከቀፎዋ አታውጣት። እዚያ ቢያንስ የሚያፍርባት የለም። እኔም በመጣሁበት መኪና ልመለስ። ነገ ሲጠይቁህ «እኅት የለኝም» በላቸው፤ እሱም እያደር ይቀልልሃል።

ጌጤነህ፦ ቆይ! እትዬ፣ ቆይ እንጂ!

ዘርፌ፦ ለምን ልቆይ?

ጌጤነህ፦ መብራቱን ጠጋ አድርጊልኝ። ሸንበቆው ወደ መስኮቱ መቅናት አለበት። ካልቀና እጆቹ አይደርሱባትም።

ዘርፌ፦ ትንሽ ወደ ግራ። እንዲያ። አሁን ደረሱባት። ውሻውስ የት ይሂድ?

ጌጤነህ፦ ጥላውን እሱ ይውሰደው። አንቺ አሸዋውን በትኚ፤ ከእግሯ ሥር ጀምሪ።

ዘርፌ፦ ሙጫው ይዟታል?

ጌጤነህ፦ ይዟታል። ከእንግዲህ ብትነቀል ጣቢያው አብሮ ይነቀላል።

ዘርፌ፦ ነገ የሙሽራው አባት ጎንበስ ብለው «ይህች ሴት ማን ናት?» ቢሉህስ?

ጌጤነህ፦ ድምፄ መውጣቱን እንጃ። እትዬ፣ ከጎኔ ቁሚልኝ። ቅርጫቱንም ከጥጉ አንሺና ከጠረጴዛው ራስ ላይ አኑሪው፤ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ይዩ።