የእትዬ ዘሀራ የማለዳ እርምጃ

እናቴን ከእግር ጉዞ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እሷና ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ስኳር ስላለባቸው በየማለዳው ወልድያን ይዞሩ ነበር። እኔ ደጅ ቆሜ፣ «ማን እያባረራችሁ ነው?» እያልኩ ስስቅባቸው እናቴ አፍራ ተወችው። እትዬ ዘሀራ ግን ቀጠሉ።

ጦርነቱ ሲቀርብ መኪና ስለጠፋ ወደ መርሳ በእግራችን ወጣን። መንገዱ ሳይጋመስ እናቴ ጉልበቷ ከዳትና ተቀመጠች፤ እኔም አለከልካለሁ። እትዬ ዘሀራ ጓዛቸውን ጥለው ብብቷ ሥር ገቡ። ወደ እኔ እያዩም፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ተነሽ! ዛሬስ የሚያባርረን አግኝተናል» አሏት። እናቴ እየሳቀች ተነሳች፤ ደግፈው መርሳ አስገቧት።

አሁን ሦስታችንም በማለዳ እንራመዳለን። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስላልወቀሰችኝ ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ አጣሁ። እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።