ዱዓው ለማን ነው?

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማው የተነፈሰ መሆኑን ያወቀው ሁላችንንም ካወረደ በኋላ ነው፤ የኛ አገር ሾፌር ስለ መኪናው የሚያውቀው ምንጊዜም ካቆመ በኋላ ነው። ረዳቱ ጎማውን እየገፋ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛ ከማሽላው ማሳ ዳር ባለች ግራር ሥር ተጠለልን። ጎረቤቴ ሸረፈዲንም አብሮን ተሳፍሮ እንደነበር ያየሁት እዚያ ነው።

ሸረፈዲን በጨፋ ሸለቆ የታወቀ ወይፈን ገሪ ነው። ገበሬው አልገራ ያለውን ወይፈን ሁሉ እየጎተተ ወደሱ ያመጣል። ቀንድ ለቀንድ ተያይዞ ሲታገል አይቼዋለሁ፤ ፈርቶ አላየሁትም። በዚያን ቀን ግን የሚታገለው ከስልኩ ጋር ነበር። ይደውላል፣ ያዳምጣል፣ ኪሱ ይከታል፣ እንደገና ያወጣል።

ከአጠገቡ ቆማ የነበረችው ሁዳ ናት፤ የኢብራሂም ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰው ልጅ ሥነ ልቦና ተምራ ተመልሳለች፤ አሁን በከተማችን ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ናት። ልጅ ሳለች እኔ አስተምሬያታለሁ። ማስተማር ካልነው ነው እንጂ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ከጠመኔው ይልቅ አርጩሜውን ሳልይዝ አልቀረሁም። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ለመጸጸት ጊዜ አለኝ።

«አከም ጂርታ፣ የኢብራሂም ልጅ?» ሲል በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት ሸረፈዲን፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«ነገያ፣ አልሀምዱሊላህ። እርስዎስ ደህና ነዎት፣ አባባ?»

እሱ እንደገና ደወለ። እኔ ግን ጎረቤት ነኝና ዝም ልለው አልቻልኩም።

«ሸረፈዲን፣ ምን ሆነሃል?»

«መምህር በላይ፣ ዛሬ ቤቴ ወዳጃ አለ። ከአስር ሶላት በፊት መድረስ አለብኝ። ዘሃራ ደግሞ ስልክ አታነሳም።» ሚስቱን ማለቱ ነው።

ወዳጃ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በኛ አገር ቤቱ ችግር የገባ ሰው ጎረቤቱን ይጠራል። ዱዓውን፣ ማለትም ጸሎቱን፣ የሚመሩት ሸህ ይቀመጣሉ፣ ባለ ጉዳዩ ጭንቀቱን በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ይናገራል፣ ሁሉም አሚን ይልለታል። እኔ ክርስቲያኑም እጠራለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አሚን እላለሁ። ሰው ብቻውን እንዳይጨነቅ የሚያደርግ መልካም ልማድ ነው።

«ለሚፍታህ ነው?» አልኩት።

ሚፍታህ የበኩር ልጁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በደላላ ተታሎ ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ በባቲ በኩል ወጣ። ባሕሩን ሊሻገር ሲል አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

«ለእሱማ ዱዓ አድርገን የለ? ዛሬ ለጁወይሪያ ነው» አለ። ጁወይሪያ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጁ ናት። «ተለወጠችብኝ። በር ትዘጋለች። ስጠራት አትሰማም። ከጓደኛዋ ከዘይና ጋር ሲንሾካሾኩ ይውላሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ነው። ሚፍታህም የጀመረው እንዲሁ ነበር።»

«ምን አደረጉ ታዲያ፣ አባባ?» አለች ሁዳ ቀስ ብላ።

«አባት የሚያደርገውን ነዋ። ስልኳን ነጠቅኩ፤ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። የበሯን መቀርቀሪያ ነቀልኩ። ከሰኞ ወዲህ ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ዛሬ ደግሞ በጀመዓው ፊት ቆማ "እንደ ወንድሜ አልሄድም" ብላ ትምላለች።»

«እሄዳለሁ ብላ ታውቃለች?»

«አላለችም። ሚፍታህም አላለም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይህ ሰው ግን እባቡ እውነትም ነክሶታል፤ ልጥ ቢያይ ቢደነግጥ ልስቅበት አልቻልኩም።

ሁዳ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከፊቱ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ልድፈርዎትና የተማርኩትን ልንገርዎ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በር ትዘጋለች፤ ከአባቷ ይልቅ ለጓደኛዋ ታወራለች። ይሄ በሽታ አይደለም፤ ራሷን እየፈለገች ነው። ስሜቷ ቀድሞ ደርሷል፣ ማመዛዘኗ ገና በመንገድ ላይ ነው። ያን ክፍተት የሚሞላው በዙሪያዋ ያለው ሰው ነው፤ ቤተሰቡ፣ ጓደኛው፣ አስተማሪው፣ በስልኳ የምታየውም ሁሉ። ከነዚህ ሁሉ ግን የሚበረታው ቤቷ ነው። ቤቷ "አንቺ ከሀዲ ነሽ" ብሎ ሲያያት፣ እሷም አንድ ቀን ራሷን እንደዚያ ማየት ትጀምራለች።»

«ከሀዲ አላልኳትም።»

«መቀርቀሪያውን ሲነቅሉ ብለዋታል።»

ሸረፈዲን ተቆጣ። «ስሚ ልጄ፣ እኛ ዝም ብለን አልኖርንም። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። ሚፍታህን አልተቆጣሁትም፤ ጎበዝ ነው፣ ይብቃው አልኩ። ይኸው ባሕር በላው እንደሆነ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። ደግሞስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም፤ ለጀመዓው አወጣለሁ።»

«የማንን በሽታ ነው የሚያወጡት?» አለች ሁዳ።

ሸረፈዲን ስልኩን እንደገና ጆሮው ላይ ለጠፈ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ አበዛችው ብዬ ነበር። በኔ ጊዜ ተማሪ እንዲህ አይናገርም፤ በኔ ጊዜ ተማሪ ምንም አይናገርም ነበር፤ ስንቱ በዝምታው ውስጥ ጠፍቶ እንደቀረ አላውቅም።

«ሌላ ልጠይቅዎ» አለች ሁዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወይፈን ሲገሩ ገበያ መሀል ወስደው ነው?»

«ገበያ? ያበደ ሰው ካልሆነ ማን ገበያ ወስዶ ይገራል? ወይፈን ግርግር ካየ ይደነብራል። ከደነበረ ሞፈር ሰብሮ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ቀንበር ስታሳዪው ያንኑ ቀን ያስታውሳል።»

«እና የት ነው?»

«ጸጥ ያለ ማሳ ላይ ነዋ። ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠመደው። በሬው ሲራመድ አይቶ ይራመዳል። ገሪው ደግሞ...»

«ገሪውስ?»

«ገሪው ከፈራ ወይፈኑ ያውቅበታል» አለ።

ማሽላው ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ረዳቱ አልመጣም። ሸረፈዲን መሬቱን እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ዛሬ ጠዋት እኮ እሷም ገባት መሰለኝ» አለ። «ወዳጃው ላይ ትምያለሽ ስላት አንዲት ቃል አልመለሰችም። ስወጣ ተከትላኝ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ይቅርታ ስትጠይቅ "አውፍ በሉኝ አባ" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ተመለሰች አልኩ።»

የሁዳ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ሁልጊዜ ትስማለች?»

«ከልጅነቷ ወዲህ...» ሸረፈዲን ቀና አለ። ያሰበውን ሳይናገር ገባኝ፤ ሚፍታህም በወጣበት ጠዋት የአባቱን ጉልበት ስሞ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አባባ፣ ጁወይሪያ ትምህርት ቤት እኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ መጥታለች» አለች ሁዳ።

«ምን አለችሽ?»

«እሱን ከራሷ ይስሙት። እኔ ያወጣሁባት ቀን ዳግም ለማንም አትናገርም። ያኔ የነገረችኝ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ቤትዎ እመጣ ነበር። አሁን ከእርስዎ የሰማሁት ግን ያስፈራኛል። እንሂድ።»

ጎማውን ማን ይጠብቃል? ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁመን ከላይ ወጣን። ሸረፈዲን መንገዱን ሁሉ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። ዘሃራ ስልክ አታነሳም። የልጅቷ ስልክ በሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ልደውልላት ቢል የሚጮኸው በራሱ ጭን ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው የፈራውን ነገር በገዛ እጁ ሊያመጣ መሆኑን ያየው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅን ማስፈራት ልጅን መጠበቅ ይመስለኝ የነበረው እኔም፣ በዚያ ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ፈራሁ።

ስንደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ሸህ ሙሀመድኑር ቦታቸውን ይዘዋል። ዘሃራ ከእንግዶቹ መሀል ወጥታ፣ ስልኳ የት እንደወደቀ እንኳ እንደማታውቅ ነገረችን።

«ልጅቷስ?» አላት ሸረፈዲን።

«ጓዳ ናት። ከጠዋት ጀምሮ አልወጣችም። ጥራትና ይጀመር፣ ሰው ጠበቀ።»

ሸረፈዲን ወደ ጓዳው መጋረጃ አየ። ጀመዓው እሱን ያየዋል። ባለ ጉዳይ ጭንቀቱን የሚናገርበት ሰዓት ነው፤ ልማዱ ወደ ኋላ አይመልስም። ሁዳ ልትናገር አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኳት፤ ከዚህ በኋላ ያለው የአባትየው ነበር።

ሸረፈዲን ከሸሁ ፊት ተንበረከከ። «ጀመዓ፣ ለልጄ ዱዓ አድርጉልኝ ብዬ ጠርቻችሁ ነበር» አለ። «ልጄ ምንም አልሆነችም። የታመምኩት እኔ ነኝ። ሚፍታህ ከሄደ ወዲህ እፈራለሁ። ስበላም፣ ስሰግድም እፈራለሁ። ፍርሃቴን ለልጄ አሸከምኳት፤ በሯን ሰበርኩባት፣ ትምህርቷን አስቀረሁባት። አላህ ልቤን እንዲያረጋልኝ ለኔ ዱዓ አድርጉልኝ። እሷንም አውፍ እንድትለኝ ለምኑልኝ።»

ወንድ ልጅ በጀመዓ ፊት እንዲህ ሲናገር ያ ሰፈር ሰምቶ አያውቅም። ሸህ ሙሀመድኑር እጃቸውን ዘረጉ፣ «አሚን በሉ» አሉ፣ ሁላችንም አልን። ከሴቶቹ ወገን ማልቀስ ተሰማ፤ ልጅ የሄደባት አንዲት ዘሃራ ብቻ አይደለችም።

መጋረጃው ተከፈተ። ጁወይሪያ በእጇ ትንሽ ፌስታል ይዛ ወጣች። ማንንም ሳታይ ከአባቷ ጉልበት ፊት አስቀመጠችው። ውስጡ አንድ ቀሚስ፣ ሻርፕና የስምንተኛ ክፍል ካርድ ነበር።

«ሰው ሲሰበሰብ በጓሮ ልወጣ ነበር» አለች። «መሄድ ፈልጌ አይደለም፣ አባ። እዚህ መሀል መቆም ፈርቼ ነው።»

ሸረፈዲን ፌስታሉን አልነካውም። ልጁን ብቻ ሳባት። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰው ባያየው ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር አልፏል። መቀርቀሪያው ተመልሷል። ጁወይሪያ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ስልኳን ከእናቷ ጋር በተስማሙበት ሰዓት ታያለች፤ ዘይናም በጓሮ ሳይሆን በበር ትገባለች፣ ደላላ በየትኛው ሰፈር እንደሚዞር ለሸረፈዲን የነገረችውም እሷ ናት። በር ቢዘጋባት ኖሮ ለማን ትናገር ነበር? ሁዳ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወላጆችን ትሰበስባለች። መጀመሪያ የመጡት ሦስት ነበሩ፣ ባለፈው ግን ወንበር ጠፍቶ ቆመን ዋልን። ወዳጃውም አልቀረም፤ ግን በሰፈራችን አሁን የልጅ ስም ልጁ ሳይጠየቅ አይነሳበትም። ልጅ ሲታመን እንደሚናገር፣ የሚናገር ልጅ ደግሞ ሳይጠፋ እንደሚደረስበት፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ዘግይተንም ቢሆን ተምረናል።

ሸረፈዲንን ባለፈው ሳምንት ከማሳ ሲመለስ አገኘሁት። «ፍርሃቱስ ለቀቀህ?» አልኩት።

«ኧረ የት አባቱ ይለቃል፣ መምህር» አለ። «ትናንት ማታ ቁጭ ብላ፣ ሲከፋት መሄድ ያምራት እንደነበር ከነምክንያቱ ነገረችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድሮ ዝምታዋን ነበር የምፈራው፤ አሁን የምትነግረኝን እፈራለሁ። ይሄኛው ፍርሃት ግን ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነው።»