ለሁለት ሰው የተሠራው ድልድይ

— ሄሎ? ... አዎ፣ ምሥራቅ ነኝ። ማን ልበል? ... ዝማሬ! ወንድሜ! ቁጥር ቀየርክ እንዴ? ... አዲሱን የሥራ ቦታህን፣ ቢታ ገነትን ለመድካት? ... እኔማ ያው ቦንጋ፣ ያው ኮምፒውተር ቤት። አብረን የምንሠራውን ጌም ከፍቼ አንተን እየጠበቅኩ ነው። እሁድ አብረን እንገባለን አላልክም? ዛሬ እኮ ሦስተኛው እሁድ ነው!

— ሄሎ... ትሰማኛለህ? ... ምኑን ሸጥከው? ... ላፕቶፑን? ... ለሞተር ነዋ። ... አይ፣ ገባኝ። ለግብርና ባለሙያ ከገበሬ ገበሬ በእግር አይዘለቅም። ገባኝ አልኩህ!

— እና ጌሙ ውስጥ ያለውን ድልድይ ከማን ጋር ልሻገር? አንዱን በተን እኔ፣ አንዱን አንተ ካልረገጥን አይዞርም። ... በአንድ በተን ላድርገው? ብቻዬን እንድጫወት? ... ጥሩ አሰብክልኝ።

— እሺ፣ ንገረኝ። ድልድዩን መረጥኩ። ... ያንተን በተን ላጥፋው? ... አጠፋሁት። ... ድልድዩን ከኔ በተን ጋር ብቻ አያያዝኩት፣ ዘጠና ዲግሪ እንዲዞር። ቆይ ልሞክረው... ኧረ ጉድ! እንደ መኪና መሪ መሃሉ ላይ ይሽከረከራል! ሁለቱም ጫፍ ገደል ላይ ቀረ። ... እህ፣ የሚዞርበትን ነጥብ ወደ ጫፉ ልሳበው? እንደ በር እንዲከፈት። እሺ።

— እትዬ ብርቄ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ። መታወቂያውን አሁን ኮፒ አደርግልዎታለሁ። ወንድሜ ነው፣ ከቢታ። ... ሰላም ብለውሃል።

— ዞረ! ዝማሬ፣ ዞረ! ማዶ ገጠመ። ... አዎ፣ ብቻዬን። ... እየሄድኩ ነው... ተሻገርኩ።

— ... ምንም የለም። ... ማዶ ነዋ! ባዶ ነው፣ ሣር እንኳ የለውም። የማንኪራን የቡና ጫካ ጌሙ ውስጥ እኔ ከወዲህ፣ አንተ ከወዲያ ልንሠራ አልነበር? ያንተን ወገን በጉም ሸፍነህ «እስኪያልቅ እንዳታዪ» ስትለኝ አምኜህ አላየሁም። ስድስት ወር ሙሉ! አንድ ዛፍ አልተከልክም?

— ... አይ፣ ይቅርታ አትበለኝ። አልተናደድኩም፣ ከፍቶኛል እንጂ። እዚህ ካንተ በቀር ይሄን የማወራው ሰው የለኝም። ... እኔ ልሙላው? ... አይሆንም፣ እሱ ያንተ ወገን ነው። ... ጌሙን አላጠፋውም፣ አትጨነቅ። ... እሺ። ሞተሩን ቀስ እያልክ ንዳ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ... እሺ ወንድሜ። ቻው።